ባንዲራውን የሚወድ ሰው ለምን ይንበረከካል?

ወገን፣ እስቲ አንድ ጥያቄ። ብሔራዊ መዝሙር እየተዘመረ፣ ስታዲየሙ ሙሉ ቆሞ፣ አንድ ተጫዋች ብቻውን ተንበርክኮ ብታዩ መጀመሪያ አፋችሁ ላይ የሚመጣው ምንድን ነው? «ባንዲራውን ናቀ!» አይደል? አንፈርድባችሁም። ባንዲራ ሲነካ የሚያመን ሰዎች ነን። ግን ከመፍረዳችን በፊት ታሪኩን እንስማው።

እ.ኤ.አ. በ2016 ኮሊን ካፐርኒክ የሚባል የአሜሪካ ፉትቦል ተጫዋች መዝሙር ሲዘመር አልቆምም ብሎ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። ምክንያቱንም በግልጽ ተናገረ፦ ጥቁሮች ይጨቆናሉ፣ ፖሊስ ይገድላቸዋል፣ ገዳዩም አይጠየቅም። ኔት ቦየር የሚባል የቀድሞ የልዩ ኃይል ወታደር ይህን አይቶ ከፋው። ግን ስድብ አልጻፈም፤ ደብዳቤ ጻፈለት። ከዚያ ተገናኝተው ተነጋገሩ። ወታደሩም «ከምትቀመጥ ተንበርከክ፤ እኛም የወደቀ ጓዳችን መቃብር ላይ እንንበረከካለን» አለው። ካፐርኒክም ተንበረከከ። ቦየር አጠገቡ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ቆመ።

ልብ በሉ! «ባንዲራ መናቅ» የተባለው መንበርከክ የመጣው ለዚያው ባንዲራ ከዘመተ ወታደር ምክር ነው። ሁለት የማይስማሙ ሰዎች ቁጭ ብለው ስለተደማመጡ የተገኘ ነው። እኛ ኮሜንት ላይ ይህን ስንት ጊዜ አድርገነዋል?

ዋጋውስ? ካፐርኒክ ከዚያ የውድድር ዘመን በኋላ ክለብ አላገኘም። በ2017 ፕሬዚዳንት ትራምፕ «የሚንበረከኩትን አባሯቸው» አሉ። በ2020 ጆርጅ ፍሎይድ በፖሊስ ጉልበት ስር ከሞተ በኋላ ደግሞ የሊጉ ኃላፊ ተጫዋቾቹን ቀድመን ባለመስማታችን ተሳስተናል አሉ። ካፐርኒክ ግን ወደ ሜዳ አልተመለሰም።

ይህ አዲስ ነገር አይደለም። ማሞ ወልዴ በማራቶን ወርቅ ያመጣልንን የ1968 የሜክሲኮ ኦሎምፒክ አስታውሱ። ከማሞ ድል 4 ቀን በፊት፣ በ200 ሜትር አንደኛና ሦስተኛ የወጡት ቶሚ ስሚዝና ጆን ካርሎስ የአገራቸው መዝሙር ሲዘመር አንገታቸውን ደፍተው፣ ጥቁር ጓንት ያጠለቁ እጆቻቸውን ወደ ላይ ዘረጉ። ጫማ አላደረጉም፤ የጥቁሮችን ድህነት ለማሳየት ነው። ከቡድኑ ተባረሩ። ሁለተኛ የወጣው ነጩ አውስትራሊያዊ ፒተር ኖርማንም የሰብዓዊ መብት ባጅ ደረቱ ላይ ለጥፎ አብሯቸው ቆመ። በ2006 ሲሞት ሬሳ ሳጥኑን ከተሸከሙት መካከል ስሚዝና ካርሎስ ነበሩ። የአገሩ ፓርላማ ይቅርታ የጠየቀው በ2012 ነው። ሰውየው ከሞተ ከ6 ዓመት በኋላ!

አሁን ወደ ቤታችን እንምጣ። ካፐርኒክ መነጋገሪያ ከመሆኑ ከጥቂት ቀናት በፊት ፈይሳ ሌሊሳ ሪዮ ላይ በማራቶን ሁለተኛ ሆኖ ሲገባ እጆቹን ከራሱ በላይ አጣምሮ ነበር። ኦሮሚያ ውስጥ በሰልፈኞች ላይ የሚፈጸመውን ግድያ ለመቃወም። ወደ አገሩ የተመለሰው ከ2 ዓመት በኋላ ነው። ካፐርኒክን «ጀግና»፣ ፈይሳን «ከሃዲ» የምንል ከሆነ ችግሩ ያለው ከእኛ ጋር ነው። የሩቁን ጩኸት እያደነቁ የጎረቤትን ጩኸት መርገም ፍትህ አይደለም። ወገንተኝነት ነው።

አገር መውደድ ማለት መዝሙር ሲዘመር ቀጥ ብሎ መቆም ብቻ አይደለም። መቆሙ ክብር ነው፣ እኛም እንቆማለን። ግን መዝሙሩ የሚለውና መንገድ ላይ የሚሆነው ካልተገጣጠመ፣ «አልተገጣጠመም» ብሎ የሚናገር ልጅ የአገሩ ጠላት አይደለም። ጠላትማ አገሪቱ ብትስተካከል ምን ይጠቅመዋል? ዋጋ ከፍሎ የሚናገረው ተስፋ ያልቆረጠው ነው።

ስለዚህ ወጣቱ፣ ነገ አንዱ ስፖርተኛ ሲንበረከክ ወይም እጁን ሲያነሳ ብታዩ «እንዴት ደፈረ?» ከማለታችሁ በፊት «ምን እያለ ነው?» በሉ። የሚለው ውሸት ከሆነ በማስረጃ ሞግቱት። እውነት ከሆነ ግን አብራችሁት ቁሙ። በሕይወት እያለ!