በሰው ወርቅ ራስን መመዘን

አንድ ወጣት ሠራተኛ ከመሥሪያ ቤቱ ተመልሶ ራቱን ከበላ በኋላ አልጋው ላይ ጋደም ብሎ ስልኩን ይከፍታል። አሳቡ ለአምስት ደቂቃ ያህል ወሬ ለማየት ነው። በመጀመሪያ የሚመጣለት አብሮት የተማረው ጓደኛው በዋሽንግተን ከተማ ከአዲስ መኪና አጠገብ ቆሞ የተነሣው ፎቶግራፍ ነው። ቀጥሎ የሌላው ሠርግ፣ ከዚያም የሦስተኛው የማስተርስ ምረቃ ይከተላል። ከአንድ ሰዓት ተኩል በኋላ ስልኩን ሲያስቀምጥ የደረሰበት ክፉ ነገር የለም፤ የሰደበውም ሰው የለም። ነገር ግን ቅድም ሲገባ ያልነበረ ሸክም ልቡ ላይ ተቀምጧል። ጧት ደስ ብሎት የሄደበት ሥራ ከንቱ፣ የተከራያት ክፍል ጠባብ፣ ዕድሜውም ያለ ፍሬ ያለፈ መስሎ ይታየዋል።

ይህን ወጣት ለማግኘት ሩቅ መሄድ አያሻም። ከአንባቢዎቻችን ብዙዎቹ ያውቁታል፤ ይህን የምንጽፈው እኛም አንዳንድ ማታ እርሱን ሆነን እናድራለን።

ማኅበራዊ ሚዲያ የአእምሮን ጤና ይጎዳል ወይስ አይጎዳም የሚለው ክርክር በየቤቱ አለ። ወላጆች «ስልክ ልጆቻችንን ወሰደብን» ይላሉ። ልጆች ደግሞ «አዲስ ነገር በመጣ ቁጥር ሽማግሌ መውቀሱ ያለ ነው» ብለው ይመልሳሉ። በግምት መከራከር ግን ለማንም አይጠቅምም። ውሃን ከጥሩ፣ ነገርን ከሥሩ ነውና፣ የነገሩን መነሻ መመልከት ይሻላል። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ፌስቡክ በየካቲት ወር 2004 በአሜሪካ በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ሲጀመር እንደ ዛሬው ለሁሉ የተከፈተ አልነበረም። ከሃርቫርድ ቀጥሎ ለኮሎምቢያ፣ ለስታንፎርድና ለዬል ተማሪዎች ተፈቀደ፤ ከዚያም ከአንዱ ዩኒቨርሲቲ ወደ ሌላው እየተዛመተ ሄደ። ዕድሜው 13 ዓመት ለሞላ ለማንኛውም ሰው የተከፈተው በመስከረም ወር 2006 ነው። እንግዲህ በእነዚያ ሁለት ዓመታት ውስጥ አንዱ ዩኒቨርሲቲ ፌስቡክ ሲኖረው ሌላው ገና አላገኘም ነበር። ይህ ሁኔታ ማንም ሳያቅደው ለምርመራ የተመቸ ሆኖ ተገኘ።

ሉካ ብራጊየሪ፣ ሮኢ ሌቪና አሌክሲ ማካሪን የተባሉ ሦስት የኢኮኖሚክስ ምሁራን በዚህ ተጠቅመው ያካሄዱትን ጥናት በ2022 አሳትመዋል። ፌስቡክ በ775 ኮሌጆች የገባበትን ጊዜ፣ ተማሪዎች በየጊዜው ስለ ጤንነታቸው ከሞሉት መጠይቅ ጋር አስተያዩ። ያገኙት ውጤት ግልጽ ነበር፤ ፌስቡክ በገባበት ትምህርት ቤት የተማሪዎቹ የአእምሮ ጤና ቀንሷል፤ ይልቁንም የድባቴ ምልክት በርክቷል። የመንፈስ ችግር ለትምህርታቸው ዕንቅፋት እንደሆነባቸው የተናገሩ ተማሪዎችም ጨምረዋል።

ምክንያቱስ ምንድን ነው? ምሁራኑ የደረሱበት መልስ ራስን ከሰው ጋር ማወዳደር የሚል ነው። ይበልጥ የተጎዱት ኑሯቸው ዝቅ ያለና ከግቢ ውጭ የሚኖሩ፣ ይኸውም በሌሎች ደስታ ራሳቸውን ቢመዝኑ ጎድለው የሚገኙ ተማሪዎች ነበሩ። ከዚህም ሌላ አንድ የሚያስገርም ነገር ታይቷል። ፌስቡክ ከገባ በኋላ ተማሪዎቹ ጓደኞቻቸው ከበፊቱ የበለጠ መጠጥ የሚጠጡ መሰላቸው። የተማሪዎቹ የራሳቸው አጠጣጥ ግን ይህን ያህል አልተለወጠም ነበር። ከሰው ሕይወት የተለወጠው የሚታየው ክፍል ብቻ ነው ማለት ነው። የጭፈራው ሌሊት ፎቶግራፍ ይለጠፋል፤ የጥናቱ ሌሊት ግን ፎቶግራፍ የለውም።

እዚህ ላይ ልብ ልንለው የሚገባ ጉዳይ አለ። ያ የመጀመሪያው ፌስቡክ ከዛሬው ጋር ሲተያይ ደካማ መሣሪያ ነበር። የሰዉን ሁሉ ወሬ በአንድ ገጽ እየደረደረ የሚያቀርበው ክፍል የተጨመረው በ2006 ነው። አይፎን ገበያ ላይ የዋለው በ2007፣ የ«ላይክ» ምልክት የመጣው ደግሞ በ2009 ነው። የሚነበበው ገጽ ማለቂያ እንዳይኖረው የሚያደርገውን ዘዴ በ2006 የፈለሰፈው አዛ ራስኪን ኋላ በሥራው መጸጸቱን ራሱ ተናግሯል። ሰው ሲበላ መሶቡ ባዶ መሆኑን አይቶ እጁን ይታጠባል፤ መሶቡ ከሥር እየሞላ የሚመጣ ቢሆን መቼ እንደጠገበ ማወቅ ይቸግረዋል። ከዚህ ሁሉ አስቀድሞ፣ በኮምፒዩተር ይታይ የነበረው ያ ፌስቡክ ጉዳት ካደረሰ፣ ዛሬ ከትራስ ሥር የሚያድረው ምን ያህል ሊያደርስ እንደሚችል ማሰብ አያዳግትም።

ይሁን እንጂ የሚቃወመውንም አሳብ በቅንነት መስማት ይገባል። ሁለት የኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2019 ባወጡት ጥናት፣ በወጣቶች ደኅንነት መካከል ከሚታየው ልዩነት ውስጥ በዲጂታል መሣሪያ መጠቀም የሚያስረዳው ቢበዛ 0.4 በመቶውን ብቻ ነው ብለዋል። ይህም ቀላል የማይባል ማስረጃ ነው። ነገር ግን የአንድ ክፍል አማካይ ውጤት ደኅና ነው ማለት የወደቀ ተማሪ የለም ማለት አይደለም። ደግሞም የሰዓቱ ቁጥር ሁሉን አይናገርም። በቴሌግራም የመምህሩን ጽሑፍ ተቀብሎ የሚያጠናው ተማሪ፣ ከቤይሩት ወይም ከሪያድ የልጇን ድምፅ የምትሰማው እናት፣ በሰው ኑሮ ራሱን ሲመዝን የሚያመሸውም ወጣት በሰዓት ቆጣሪ ፊት እኩል ናቸው። ስለዚህ የእኛ አስተያየት፣ ክፋቱ ስልኩን መክፈት ሳይሆን ስልኩን ሚዛን ማድረግ ነው የሚል ነው።

ማወዳደር በርግጥ አዲስ ነገር አይደለም። አባቶቻችንም ከጎረቤት ጋር ይተያዩ ነበር። ልዩነቱ ግን ጎረቤታችንን በሠርጉም በለቅሶውም እናውቀዋለን፤ አዲስ ልብስ የለበሰ ዕለት ብናይ፣ ዕዳ የተጨነቀበትንም ቀን እናያለን። በስልክ የምናየው ሰው ግን ከብዙ ቀን አንዱን ቀን፣ ከዚያም ቀን አንዲቷን ደቂቃ መርጦ ያሳየናል። በዋሽንግተን መኪና አጠገብ የቆመው ጓደኛችን መኪናው የሚከፈልበት ዕዳ ይሁን፣ በቀን ሁለት ሥራ እየሠራ ይሁን፣ ናፍቆት እንቅልፍ ይንሣው ፎቶግራፉ አይነግረንም። እርሱም በበኩሉ የእኛን የበዓል ሥዕል እያየ በቡናው ጭስና በቤተ ዘመዱ መካከል በተቀመጥነው በእኛ ይቀና ይሆናል። የሰው ወርቅ አያደምቅ ይባላል። ጥንት የተባለው ተውሶ ለሚያጌጥ ነበር፤ ዛሬ ደግሞ በሰው ወርቅ ራሱን መዝኖ ቀለልሁ ለሚል ሰው ይሠራል።

ጉዳቱ በሰውዬው ብቻ የሚቀር አይደለም። ሥራዬ ከንቱ ነው ብሎ ያደረ ሠራተኛ በማግስቱ ባለጉዳዩን በፈገግታ አይቀበልም። ምንም አልሆንሁም ብሎ ያመነ ተማሪ መጽሐፉን ገልጦ ይቀመጣል እንጂ አያነብም። ከሁሉ የከፋው ደግሞ እውነተኛ ድባቴ ይዞት እንቅልፍና ምግብ እስከ መተው የደረሰውን ወንድማችንን «ሰነፍ ነው»፣ «ቀብጦ ነው» እያልን ማለፋችን ነው። ይህ በሽታ ነው፤ ሐኪምም አለው። በጠበል የሚያምን ጠበሉን ሳይተው ሐኪም ዘንድ መሄድ ይችላል፤ አንዱ ሌላውን አይከለክልም።

መድኃኒቱን በሚመለከት አንዳንድ መንግሥታት በሕግ ጀምረዋል። የአውስትራሊያ ሕግ ኩባንያዎች ዕድሜያቸው ከ16 ዓመት በታች የሆኑ ልጆች አካውንት እንዳይኖራቸው እንዲያደርጉ ያስገድዳል፤ ሥራ ላይ የዋለውም በታኅሣሥ ወር 2025 ነው። ከዚህ ዕድሜ ላለፈው ተማሪና ለወጣቱ ሠራተኛ ግን ሕጉን የሚያወጣለት ራሱ ነው። ይህም የሚቻል መሆኑን በአሜሪካ በፔንሲልቫኒያ ዩኒቨርሲቲ ተካሂዶ በ2018 የታተመ ጥናት ያሳያል። 143 ተማሪዎች በሁለት ተከፍለው፣ አንደኛው ወገን ፌስቡክን፣ ኢንስታግራምንና ስናፕቻትን በቀን እያንዳንዳቸውን ከ10 ደቂቃ በላይ እንዳይመለከት ተደረገ፤ ሁለተኛው እንደ ልማዱ ቀጠለ። ከሦስት ሳምንት በኋላ የቀነሱት ተማሪዎች ብቸኝነታቸውና ድባቴያቸው ቀልሎ ተገኘ። ጭንቀትና ከሰው ቀረሁ የሚለው ሥጋት ግን በሁለቱም ወገን ቀንሷል። ተመራማሪዎቹም ሰው ምን ያህል እንደሚጠቀም ራሱን መከታተሉ ብቻውን ሳይጠቅም አይቀርም ብለዋል። ማንም ስልኩን እንዲጥል አልተጠየቀም፤ የተጠየቀው ልክ እንዲያበጅ ነው።

ስለዚህ የምናቀርበው ምክር ከባድ አይደለም። አንደኛ፣ ስልክ ከአልጋ ይራቅ፤ ከእንቅልፍ በፊት ያለችው ሰዓት ሰው ራሱን ለመመዘን የሚደክምባት ሰዓት ናትና። ሁለተኛ፣ ልብ የሚያሳርር ገጽ ሲገኝ መዝጋት ፍርሃት ሳይሆን ብልኅነት መሆኑ ይታወቅ። ሦስተኛ፣ የጓደኛ ፎቶግራፍ ባየን ቁጥር ምልክት ተጭነን ከማለፍ ደውለን «እንዴት ነህ?» እንበለው። ያን ጊዜ ምናልባት መኪናው በዱቤ የተገዛ መሆኑንና እናቱ እንደናፈቀችው ይነግረን ይሆናል። እኛም ጠባቧን ክፍላችንን ለመንገር አናፍርም።

ያ ወጣት ሠራተኛ ነገ ጧት ተነሥቶ ወደ ሥራው ይሄዳል። ጠረጴዛው ላይ የሚጠብቀው መዝገብ የአንድ ሰው ጉዳይ አለበት፤ ያም ሰው ከሩቅ መጥቶ በር ላይ ተቀምጧል። የዚያ መዝገብ መፈጸም በማንም ገጽ ላይ አይለጠፍም፤ ላይክም አያገኝም። ወጣቱ የራሱን ዋጋ ሊያውቅ ቢፈልግ ግን ከማታው ፎቶግራፍ ይልቅ ያን መዝገብ ቢመለከት ይሻለዋል እንላለን።