ቀጥቃጭ ከእጁ ጋር አሳቡንም ያሠልጥን

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፤



እኔ የሁለተኛ ደረጃ መምህር ስሆን፣ ከመደበኛ ሥራዬ ውጭ ቀጥቃጭነት ለሚማሩ ወጣቶች ንድፍ አስተምራለሁ። እነዚህ ልጆች ወናፍ ማናፋትንና የጋለ ብረት መቀጥቀጥን በሚገባ ያውቃሉ። ነገር ግን «ለቤት የሚሆን አንድ ዕቃ ራሳችሁ አስባችሁ ሥሩ» ሲባሉ ብዙዎቹ «ናሙናው የት አለ?» ብለው ይጠይቃሉ። ይህም የልጆቹ ጥፋት ሳይሆን፣ ሙያው መቅዳት ብቻ ሆኖ ስለ ተሰጣቸው ነው።

ንድፍ ማለት ብረትን እንደ ሐረግ መጠምዘዝ አይደለም። የሚጀምረው በዕቃው ከሚገለገለው ሰው ነው። የብረት ጉልቻ የሚሠራ ተማሪ አስቀድሞ ሊያስብ የሚገባው፣ ከእሳቱ ምን ያህል ከፍ ይበል? ትንሹም ትልቁም ድስት ይቀመጥበታልን? እመቤቲቱ ሲግል በምኑ ይዛ ታነሣዋለች? የሚለውን ነው። አያቶቻችን ጉልቻን ሦስት ያደረጉት ያለ ምክንያት አይደለም፤ አራት እግር ያለው ዕቃ ባልተስተካከለ መሬት ላይ ሲንገዳገድ፣ ባለ ሦስት እግሩ ግን ጸንቶ ይቆማል።

ከዚህ በኋላ ተማሪው ዕቃውን በእውነተኛ መጠኑ በጠመኔ ይሥላል፤ የሚታጠፈውንም ርዝመት በቀጭን ሽቦ ይለካል። ብረቱ ግሎ ከእሳት ከወጣ በኋላ ቶሎ ስለሚቀዘቅዝ ለማሰብ ጊዜ አይገኝምና። ሒሳብም ያስፈልገዋል። ጎኑ 12 ሚሊሜትር የሆነ ባለ አራት ማዕዘን ብረት ተቀጥቅጦ ጎኑ 6 ሚሊሜትር ሲሆን፣ ርዝመቱ እጥፍ ብቻ የሚሆን ይመስላል፤ የሚሆነው ግን አራት እጥፍ ነው። 10 ሳንቲሜትር የነበረው ወደ 40 ሳንቲሜትር ይደርሳል። ይህን ያላወቀ ሰው ብረትም ከሰልም ያባክናል።

ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባወጡት አዋጅ ሠራተኛ በሙያው እንዳይሰደብ ከልክለዋል። ከዚያ ወዲህ ከመቶ ዓመት በላይ ቢያልፍም፣ ልጁ ቀጥቃጭ እንዳይሆንበት የሚሠጋ አባት ዛሬም በመካከላችን አለ። እኔ በተማርሁበት የሚሲዮን ትምህርት ቤት ንባብና የእጅ ሥራ ጎን ለጎን ይሰጡ ስለ ነበር፣ አንዱ ሌላውን እንደማያዋርድ በልጅነቴ ተረድቻለሁ። ስድብን አዋጅ ይከለክለዋል፤ አክብሮት ግን የሚገኘው በሥራው ውስጥ ያለውን ዕውቀት በማየት ነው።

ስለዚህ የሙያ ትምህርትን የሚመሩ ሁሉ፣ እያንዳንዱ ተማሪ ከመመረቁ በፊት ራሱ የነደፈውን አንድ የቤት ዕቃ ሠርቶ፣ ዕቃው በአንድ ቤት ውስጥ አንድ ወር አገልግሎ፣ ጉድለቱ እንዲታረም ቢያደርጉ መልካም ነው። እኛም የመንግሥት ሠራተኞች የልብስ መስቀያ ወይም የበር መቀርቀሪያ ስናሠራ፣ «እንደዚያኛው አድርገህ ሥራልኝ» ከማለት ይልቅ የቸገረንን ነገር ለባለሙያው እንንገረው፤ መፍትሔውን እርሱ ያስብበት።

ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም ይባላል። እውነት ነው፤ ነገር ግን በሚገባ የታሰበበት ጉልቻ ወጥ አይደፋም።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የሁለተኛ ደረጃ መምህር