ማሽኑም ድምፅ አለውን?

በ1844 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ አገር ሮችዴል በምትባል ከተማ 28 ሸማኔዎችና ሌሎች ባለሙያዎች የጋራ ሱቅ ከፈቱ። ካቆዩልን ሥርዓት ዋነኛው፣ የአክሲዮን ብዛት ሳይታይ ለአንድ አባል አንድ ድምፅ መስጠት ነው። ዛሬ የቁጠባና ብድር ኅብረት ሥራ ማኅበሮቻችን፣ ከወለድ ነፃ የሆኑትም ጭምር፣ በዚሁ ይተዳደራሉ።

ታዲያ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ወደ ማኅበሩ ቢሮ ሲመጣ በሩን እንዝጋበት? አንልም። ረጅም ቃለ ጉባኤ ያሳጥራል፤ ማንበብ ለማይችሉ እናቶቻችን የኦዲት ሪፖርቱን በድምፅ ያሰማል። (ሲሳሳት ስለማያፍር ግን የሒሳብ ሠራተኛው አስቀድሞ ያመሳክረው።)

ብድር ለማን ይሰጥ ወደሚለው ሲሻገር ነው የምንሰጋው። መሣሪያው የሚማረው ካለፉት መዛግብት ነው። ትናንት በስሟ ምንም ያልተመዘገበላት፣ ባሏ የሞተባት እናት ዛሬም «አትመጥኚም» ልትባል ትችላለች። የብድር ኮሚቴው ቢከለክላት በጠቅላላ ጉባኤ ተነሥታ «ለምን?» ትላለች፤ ጉባኤውም ኮሚቴውን ሊሽር ይችላል። ማሽኑን ግን ማን ይሽረዋል? «ኮምፒውተሩ ነው ያለው» ብሎ የሚመልስ ኮሚቴ አደራውን ጥሏል እንላለን።

ወጣቶች ሆይ! በሚቀጥለው ጉባኤ ከወላጆቻችሁ ጋር ሂዱ። መሣሪያው ሲገባ አባላት ድምፅ ሰጥተውበታልን? ስማቸውና ሒሳባቸውስ ወዴት ይላካል? የተከለከለ ሰው አቤቱታውን የሚሰማለት ማን ነው? ወላጆቻችሁ ይጠይቁ፤ መልሱም በቃለ ጉባኤ ይስፈር።