ወጣቱ ተጫዋችና የተጠባባቂ ወንበር

በ1954 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ግብፅን 4 ለ 2 ረትታ የአፍሪካን ዋንጫ ስትቀዳጅ፣ የብሔራዊው ቡድን አምበል ሉቺያኖ ቫሳሎ ለድሬዳዋ የጥጥ ፋብሪካ ቡድን ይጫወት ነበር። ይሁን እንጂ ሉቺያኖ ያደገው በአስመራ ነው፤ ድሬዳዋ የደረሰው በስሎ ነው። የበሰለውን ማምጣት ነውር የለበትም። ነገር ግን፣ እናንተ ተማሪዎች፣ ደቻቱ ደርቆ በሚሰነብትበት ወራት በአሸዋው ላይ ኳስ የሚያባርሩትን ልጆች ተመልከቱ። ከእነርሱ ተስፋ የሚጣልበትን መርጦ መለያ ማልበስ ቀላል ነው፤ ቡድኖች የሚሰንፉት ከዚያ በኋላ ነው። ወጣቱ ከዋናው ቡድን ጋር ይለማመዳል፤ በጨዋታ ቀን ግን ከተጠባባቂ ወንበር አይነሣም፤ አሠልጣኙ ሽንፈትን ይፈራልና። በእኔ አስተያየት፣ እንዲህ ካለው መቀመጥ ይልቅ በዝቅተኛ ምድብ ለሚገኝ ቡድን በውሰት ተሰጥቶ በየሳምንቱ 90 ደቂቃ ቢጫወት ይሻላል። ስሕተቱንም እዚያው ይሠራል፤ እዚያው ያርማል። ያን ጊዜ ዋናው ቡድን ቢጠራው አሠልጣኙ የሚፈራበት ምክንያት አይኖርም።