ስለ ሩዝ ውኃና ስለ ልብስ አሚዶ

ርብና ጉማራ በክረምት የሚያጥለቀልቁት የፎገራ ሜዳ ከ1970ዎቹ ዓ.ም. ወዲህ ሩዝ ስለሚበቅልበት፥ ነጭነቱ የተወደደው ኤክስ ጅግና በወረታ የታወቀ እህል ነው። ሩዝ ግን ለልብስም ይረዳል፤ የአሚዶው ቅንጣት እጅግ ደቃቅ ስለ ሆነ በቀጭን ጨርቅ ውስጥ ይሰርጻልና።

በቤቴ የደረሰውን ልንገራችሁ። አማቴ ዓይናቸው ሳይደክም ለልጅ ልጃቸው ማቀፊያ ለመስፋት አስበው፥ የአሮጌ ጥበባቸውን ቁራጭ ከአዲስ አቡጀዲ ጋራ ሊቀጣጥሉ ጀመሩ። «አቡጀዲው አስቀድሞ ይታጠብ» ቢሉ፥ እኔ «አዲስ ጨርቅ ምን ቆሽሾ ይታጠባል?» ብዬ ከለከልሁ። ማቀፊያው በታጠበ ጊዜ አቡጀዲው ተኰማተረ፤ ጥበቡም ተጨማደደ፤ ስፌቱም ተተረተረ። ለካ ያ ድርቀትና ያ ወዝ የፋብሪካ አሚዶ ኖሯል! አሚዶ የሳሳ ጨርቅ ጠበቃ ነው፤ ውኃ ሲመጣ ግን ይሸሻል።

ስለዚህ ሥርዓቱ ይህ ነው።

ፊተኛ፤ አዲሱን ጨርቅ በሙቅ ውኃ አጥቦ ማድረቅ፤ የሚኰማተረውም ሳይቈረጥ ይኰማተር።

ሁለተኛ፤ 1 የሾርባ ማንኪያ የሩዝ ዱቄት በጥቂት ቀዝቃዛ ውኃ በጥብጦ፥ በሚፈላ ግማሽ ሊትር ውኃ ላይ እያማሰሉ መጨመር። ሲወፍር አውርዶ በንጹሕ ጨርቅ ማጥለል፤ ያልተጠለለው በጥቁር ልብስ ላይ ነጭ ነጥብ ይተዋልና።

ሦስተኛ፤ ለብ ሲል ጨርቁን ነክሮ፥ ጨምቆ፥ ሳይጐትቱ ዘርግቶ ማጠንፈፍ። ጥቂት እርጥበት ሳለበት ካውያውን እያነሡ መጫን እንጂ መግፋት አይገባም፤ በሰያፍ የተቈረጠ ጨርቅ ይለጠጣልና። አሚዶው ሳይሰርጽ ቢተኰስ በካውያው ላይ ተጣብቆ ያራል። የተረፈው ውኃ ቶሎ ስለሚኰመጥጥ ይደፋ።

አራተኛ፤ ሥራው ሲፈጸም አሚዶውን አጥቦ ማስወጣት። አሚዶ እህል ነው፤ በሣጥን የተቀመጠ ልብስ አሚዶ ካለበት ተባይ ይጠራል።

አማቴ ማቀፊያውን ተርትረው እንደ ገና ጀምረዋል። ክሩን በመርፌው ቀዳዳ የምታስገባላቸው ያችው የልጅ ልጃቸው ናት፤ አቡጀዲውን ያጠብሁት ግን እኔ ነኝ።