ድምፅን በጠመኔ ብቻ?

«ድምፅ ሞገድ ነው» ብሎ ሰሌዳ ላይ ጽፎ ማስገልበጥ ቀላል ነው። ተማሪው ለፈተና ይሸመድደዋል፤ በማግሥቱ ይረሳዋል። እኛ ግን እንዲህ ያለው አስተማማር ይብቃ እንላለን። ለምን ቢሉ፣ ከወደ ቻይና አንድ ጥሩ ምሳሌ አለን።

እ.ኤ.አ. በ2016 ታውለስ፣ ሃልዴንና ኮስተርሊትዝ የፊዚክስ የኖቤል ሽልማት ያገኙት ቶፖሎጂ የተባለውን የሂሳብ ዘርፍ የቁስን ጠባይ ለመመርመር ስለተጠቀሙበት ነው። ቶፖሎጂ ቅርጽ ሲለወጥ የማይለወጠውን ያጠናል። የጭቃ አምባር ቢለጠጥም ቢጨመቅም፣ ካልተቆረጠ ወይም ካልተደፈነ ቀዳዳው ያው አንድ ነው። በአንዳንድ ቁሶች ውስጥ ያለው የሞገድ ሥርዓትም እንደዚሁ በቀላሉ አይፈርስም፤ በዚህም የተነሣ በቁሱ ገጽ ላይ ብቻ የሚጓዝ ሞገድ ይገኛል።

ዳሩ ግን ኤሌክትሮን በዓይን አይታይ፣ በእጅ አይዳሰስ! ታዲያ የዉሃን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ምን አደረጉ? በኤሌክትሮን ፈንታ ድምፅን ወሰዱ። ዘንጎች በሥርዓት አቅጣጫ እየቀየሩ የተደራረቡበት «የድምፅ ክሪስታል» ሠሩ፤ ድምፅ ለቀቁበት፤ በማይክሮፎንም ነጥብ በነጥብ ለኩት። እ.ኤ.አ. በ2018 ባሳተሙት ጥናት እንደተገለጸው፣ በገጹ ላይ የሚሄደው ድምፅ ጠርዝ ሲደርስ እንደ ገደል ማሚቶ አልተመለሰም፤ ታጥፎ ወደሚቀጥለው ገጽ ተሻገረ።

የእኛ ነጥብ እዚህ ላይ ነው። እነዚህ ሰዎች የሠሩት የጎበዝ መምህር ሥራ ነው፤ ረቂቁን አጉልተው ሊለካ ወደሚችል ነገር አመጡት። በሴኮንድ 3400 ጊዜ የሚርገበገብ ድምፅ በአየር ውስጥ የሞገዱ ርዝመት 10 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው። ይህ እኮ በተማሪ ማስመሪያ የሚለካ ነው!

«መሣሪያው የት አለና?» የሚሉ አይጠፉም። እውነት ነው፣ እንደ ዉሃን ያለ ቤተ ሙከራ በየትምህርት ቤቱ አይገኝም። ዴስክ ግን አለ፤ ተማሪው ጆሮውን አስደግፎ ጓደኛው ጫፉን በጥፍር ይጫርለት፤ ድምፅ በእንጨት ውስጥ እንዴት እንደሚጓዝ ራሱ ይሰማል። ጠርሙስም አለ፤ ውሃውን እየቀነሰ በአፉ ይንፋበት፤ የአየሩ ዓምድ ሲረዝም ድምፁ ሲወፍር ያገኘዋል። ከዚያ በኋላ ትርጉሙ ሰሌዳ ላይ ቢጻፍ ማን ይረሳዋል?

ስለዚህ ለማስተማር ልምምድ የምንወጣ ሁሉ ጠመኔ ከማንሣታችን በፊት ጠርሙሱን እናንሣ። ሳይሰማ የሸመደደ ልጅ ነገ መምህር ሲሆን የሚያስተላልፈው ያንኑ ሽምደዳ ነውና።