የሐረር ፎቶግራፎች፦ ከጌጥነት ወደ ማስረጃነት

በሐረር ጀጎል የሚገኘው የራምቦ ቤት የከተማዋን ቀደምት ፎቶግራፎች ለእይታ ያቀርባል። ቤቱ የተሰየመለት ፈረንሳዊ ባለቅኔ አርተር ራምቦ ራሱ እ.ኤ.አ. በ1883 በሐረር ፎቶግራፍ ያነሣ ነበር። እንዲህ ያሉ ምስሎች ለጎብኚው መደነቂያ ቢሆኑም፣ እ.ኤ.አ. በ2006 በዩኔስኮ ለተመዘገበችው ጀጎል ግን ማስረጃ ናቸው፤ ግንብ ሲፈርስ ወይም በር ሲለወጥ የቀድሞው ገጽታ የሚመሳከረው በእነርሱ ነው።

ይሁን እንጂ ቀደምቶቹን ምስሎች በአመዛኙ ያነሡት የውጭ ተጓዦች ናቸው። የነዋሪው የቤት ውስጥ ሕይወት፣ መደቡና በግድግዳው የተሰቀለው ስፌት ሳይቀር፣ የሚገኘው በየቤተሰቡ የሠርግና የበዓል አልበም ነው። የዐውደ ርእይ ቤቶች እነዚህን ተውሰው ቅጂ ቢያስቀሩ፣ ጊዜውንና ቦታውንም ከባለቤቶቹ አንደበት ቢመዘግቡ፣ ቅርሱ በራሱ ልጆች ይመሰከርለታል። ጊዜና ቦታ ያልተጻፈበት ምስል ጌጥ እንጂ ማስረጃ አይሆንም።